መሊክ አምበር፦ ተሽጦ ሄዶ ከተማ የቆረቆረው ሐበሻ



የዚህን እትም የታሪክ ዓምድ ያዘጋጀነው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ግቢ የምንመላለስ ተማሪዎች ነን። የጤፍ ማሳ የነበረው ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፈር ሲሆን፣ መንገዱ ሳይጠረግ ቤቱ ሲቀድም፣ ቧንቧው ሳይደርስ ሰዉ ሲሰፍር እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ስለ አንድ ሙስሊም የታሪክ ሰው ጻፉ ስንባል ከተማ የቆረቆረ ሰው ፈለግን። ያገኘነው ሰው ከተማውን የቆረቆረው በሕንድ አገር ነው፤ የተወለደው ግን እዚሁ በእኛ ምድር ነው። መሊክ አምበር ይባላል።

በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት አውራንጋባድ የምትባል ከተማ አለች። ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ያለው በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የአጃንታና የኤሎራ ዋሻዎች ናቸው። ጊዜ ከተረፈው ደግሞ ታጅ ማሃልን አስመስለው የሠሩትን ቢቢ ካ መቅበራ የተባለውን የንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብን ሚስት መካነ መቃብር ያያል። ከተማዋን ማን ቆረቆራት ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቆርቋሪዋን ሕይወት እንተርካለን። ቀጥለን አንድ ቀን ብቻ ያለው ተማሪ ከተማዋን ቢጎበኝ የአምበርን አሻራ የት የት እንደሚያገኘው እናሳያለን። ለይተን ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቻፑ የተባለው ልጅ

አምበር የተወለደው በ1548 ገደማ ነው። የኢማም አሕመድ ኢብኑ ኢብራሂም ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመት ገደማ ነበር። አገሩ በውጊያ ደቅቆ፣ ከሁሉም ወገን ብዙ ሰው ተማርኮ ነበር። ምርኮኛ ደግሞ ሸቀጥ ነው። ባሪያ ፈንጋይ ያገኘውን ሁሉ እየነዳ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ይወስደዋል። ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የምንጽፍለት ሰው ከእነዚህ ልጆች አንዱ ነበር።

ልጁ ቻፑ ይባል ነበር። ይህን ስም ያቆየልን ፒተር ቫን ደን ብሩኬ የተባለ፣ በ1617 አምበርን በአካል ያገኘ የሆላንድ ነጋዴ ነው። ትውልዱን አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች ከሐረር፣ አንዳንዶቹ ከከምባታ፣ ሌሎቹ ከኦሮሞ ያደርጉታል። እኛ በዚህ አንጣላም። ፈንጋዩ ሲሸጠው ጎሳውን ቆጥሮ አልነበረም። ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ ከየትም ይምጣ ከየት መጠሪያው አንድ ሆነ፤ ሐበሺ።

በየመን፣ በሞካ ወደብ፣ ልጁ በ80 የሆላንድ ጊልደር እንደተሸጠ ያው ነጋዴ ጽፏል። ከዚያም ወደ ባግዳድ ተወሰደ። እዚያ የገዛው ሚር ቃሲም አል-ባግዳዲ የልጁን ብሩህ አእምሮ ተመልክቶ አስተማረው። ልጁም እስልምናን ተቀበለ፤ አምበር የሚለውን ስምም አገኘ። ዐንበር ከባሕር የሚገኝ ውድ የሽቶ ቅመም ነው። በዚያ ዘመን ለባሪያ የሽቶና የዕንቁ ስም ማውጣት የተለመደ ነበር፤ ያቁት፣ ካፉር፣ ዐንበር። ስሞቹ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም በገበያ የሚሸጡ ዕቃዎች ስሞች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ከባግዳድ ቀጥሎ የመጨረሻው ጉዞ ወደ ሕንድ ሆነ። በ1570ዎቹ መጀመሪያ አምበር ደካን ተብሎ በሚጠራው የሕንድ ደጋማ ምድር፣ በአህመድነገር ሱልጣኔት ተሸጠ። የገዛው ቺንጊዝ ኻን የሱልጣኔቱ ዋና ሚኒስትር ነበር። ቺንጊዝ ኻን ራሱም ሐበሺ ነበር፤ ራሱም ተሽጦ የመጣ ነበር። አንድ ሺሕ ያህል ሐበሾችን ገዝቶ እንደነበር ታሪክ ይናገራል። አምበር ከሺሑ አንዱ ነበር።

የደካን ሱልጣኖች ሐበሻን የሚገዙበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአገሩ ዘመድ የሌለው፣ ወገን የሌለው፣ ከጌታው በቀር መጠጊያ የሌለው ወታደር ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ የሚገዛው ሰው በእርሻ ላይ የሚውል ሳይሆን ፈረስ የሚጋልብ፣ ምሽግ የሚጠብቅ፣ ሲሳካለትም አዛዥ የሚሆን ነበር። የጌታው ቤት ሲፈርስ ወይም ጌታው ሲሞት ነፃ የሚወጣው ብዙ ነው። ይህ ከአትላንቲክ ማዶ ከነበረው ባርነት የተለየ ነው እየተባለ ይጻፋል፤ እውነትም ነው። ቢሆንም ከእናቱ ጉያ የተነጠቀ ልጅ የሚያለቅሰው ልቅሶ በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ነፃ ሰው፣ ወታደር፣ እንደራሴ

ቺንጊዝ ኻን ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ባለቤቱም አምበርን ነፃ አወጣችው። ከዚያ በኋላ አምበር አገባ፤ ሚስቱ ቢቢ ከሪማ ትባላለች። ሃያ ዓመት ያህል የራሱን ጥቂት ወታደሮች ይዞ ለሚከፍለው ጌታ እያደረ ኖረ። በጎረቤቱ በቢጃፑር ሱልጣን ዘንድ ሲያገለግል መሊክ የሚለውን ማዕረግ አገኘ። በ1595 ወደ አህመድነገር ሲመለስ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋ ነበር፤ በሥሩ የነበሩት ፈረሰኞችም ወደ 150 ብቻ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ዕድሜ ጡረታ ያስባል። የአምበር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ የሙጋል መንግሥት ከሰሜን ሕንድ ወደ ደቡብ እየገፋ ነበር። በ1600 የንጉሠ ነገሥት አክበር ጦር የአህመድነገርን ዋና ምሽግ ያዘ። ሱልጣኔቱ አለቀ ተባለ። አምበር ግን ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ አገኘ፤ ሙርተዛ ኒዛም ሻህ ብሎም በፓራንዳ ምሽግ አነገሠው። ሴት ልጁን ዳረለትና ራሱ እንደራሴ ሆነ። የተበተነው ወታደር፣ ሐበሻውም የደካን ተወላጁም፣ እየመጣ ይሰለፍለት ጀመር። በ1610 አካባቢ በሥሩ 10,000 ሐበሾችና 40,000 የደካን ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል።

የሙጋል ጦር በብዛትና በመድፍ ይበልጠዋል፤ ስለዚህ አምበር ፊት ለፊት አይገጥመውም። የአገሩን ኮረብታና ሸለቆ የሚያውቁትን የማራታ ፈረሰኞች አሰልፎ የጠላትን ስንቅ ይቆርጣል፣ ሌሊት ሰፈሩን ያሸብራል፣ ሲያባርሩት ይጠፋል፣ ሲደክሙ ይመለሳል። እኛ የሽምቅ ውጊያ የምንለው ነው። ከእርሱ ጋር ከዘመቱት የማራታ አለቆች አንዱ ማሎጂ ቦስሌ ነበር። ልጁ ሻሃጂም በአምበር ሥር ተዋግቷል። የሻሃጂ ልጅ ሺቫጂ ደግሞ በኋላ የማራታን መንግሥት የመሠረተው ነው። በሕንድ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ያለው ይህ ቤተሰብ የሽምቅ ውጊያን ሲያይ ያደገው በአንድ ሐበሻ የጦር ሰፈር ነው።

በአስተዳደርም እንዲሁ ነበር። መሬት በለምነቱ እየተለየ፣ ግብር በምርቱ ልክ እንዲጣል አደረገ። በግብር መዝገቡ ላይ የሂንዱ ብራሕሚኖችን ሾመ። ከሐድረመውት የመጡ ዑለሞችም በእርሱ ዘንድ ክብር ነበራቸው፤ ለባለቅኔዎችም ለጋስ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱና ሥዕሉ

ከአክበር ቀጥሎ የነገሠው ልጁ ጃሃንጊር አምበርን እጅግ ይጠላው ነበር። በራሱ እጅ በጻፈው የዘመኑ መዝገብ ውስጥ የአምበርን ስም ካለ ስድብ ማንሳት አይሆንለትም፤ ስድቡም ብዙ ጊዜ በቆዳው ቀለም ላይ ነው። ጦር በጦር ላይ ላከ። አንዳንዴ ቀናው፤ በ1616 የአምበርን ከተማ አቃጠሉበት፤ ልጁ ልዑል ኹረም፣ በኋላ ሻህ ጃሃን የተባለው፣ ሁለት ጊዜ ዘምቶ አምበርን የያዘውን መሬት አስለቀቀው። አምበርም መሬቱን ይለቅቃል፣ ጊዜ ይጠብቃል፣ መልሶ ይይዘዋል።

ጃሃንጊር ያልተሳካለትን ነገር በሥዕል አስሳለ። አቡል ሐሰን የተባለው የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ በ1616 ገደማ በሣለው ሥዕል ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ ላይ በተሰካ የአምበር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር ይታያል። ሥዕሉ ዛሬ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እውነታው ግን ከሥዕሉ የተለየ ነው። ጃሃንጊር አምበርን አንድም ቀን አልያዘውም። አምበር በ1626 በሰማንያ ዓመቱ ግድም በራሱ አገዛዝ ሥር እያለ ሞተ፤ ጃሃንጊርም በዓመቱ ተከተለው።

ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1624፣ አምበር ባትቫዲ በተባለ ቦታ የሙጋልንና የቢጃፑርን ጦር አንድ ላይ አሸነፈ። የሐይቁን ግድብ አስሰብሮ የጠላቶቹን መንገድ ጭቃ እንዳደረገባቸው ይነገራል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከሰባ አምስት ያለፈ ሽማግሌ ነበር።

አንድ ቀን በአምበር ከተማ

አሁን በሐሳብ አብራችሁን ኑ። ፈጅር ሰግደን፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ጉዟችንን እንጀምር። የደካን ሙቀት ለእንጦጦ ብርድ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ የምንቆመው በባድካል በር ነው። አምበር ኻድኪ በምትባል መንደር ላይ ከተማውን የቆረቆረው በ1610 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1612፣ ሙጋሎችን ያሸነፈበትን ድል ለማስታወስ ይህን በር አሠራ። ዛሬ መኪናውና ባለሦስት እግሩ ባጃጅ በአጠገቡ ይተራመሳል። ባጃጅን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ የተሠራበት አገር ይኸው ነው። አውራንጋባድ የበሮች ከተማ ትባላለች፤ ከበሮቿ ብዙዎቹ ግን በኋላ በአውራንግዜብ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ባድካል የቆርቋሪው በር ነው።

ከዚያ ወደ አምበር ቤተ መንግሥት ወደ ናውኻንዳ እናምራ። ስሙ ዘጠኝ ክፍል ማለት ነው፤ የተሠራውም በ1616 ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ገዢዎች አስፋፍተውት ነበር። አሁን የቀረው ጥቂት ነው። የነገሥታት ቤት ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይኸው ነው።

ካሊ መስጂድን አይተን ለዙሁር ጁምዓ መስጂዱ እንደርሳለን። ይህን መስጂድ የጀመረው አምበር ነው። ሃምሳ ምሰሶዎች በአምስት ረድፍ ቆመዋል። ፊት ለፊቱ ላይ ዘጠኝ ቅስቶች አሉ፤ አምስቱን ያሠራው አምበር ነው፤ አራቱን የጨመረው አውራንግዜብ ነው። ይህን ስናነብ ብዙ አሰብን። አውራንግዜብ የጃሃንጊር የልጅ ልጅ ነው። አያቱ በሥዕል ራሱን የወጋው ሰው በጀመረው መስጂድ ላይ የልጅ ልጁ አራት ቅስት ጨመረበት። ሰጋጁ በዘጠኙም ሥር ይገባል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ በአንድ ሶፍ ይቆማል።

ከሰላት በኋላ ምሳችንን በልተን ወደ ሰሜን ምዕራብ እንውጣ። 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ገደል ባለ ተራራ ላይ የተሠራው የደውለታባድ ምሽግ ይታያል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ ነበር። ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ ባጡጣም አይቶታል። በአምበር ዘመን የሱልጣኔቱ መከታ ይህ ምሽግ ነበር። ደረጃው ብዙ ነው፤ የሱሉልታ ልጆች ግን ከፍታን ስለለመድን አንፈራውም።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አልፎ ኹልዳባድ ነው፤ የዐስር ሰላት እዚያ ይደርሰናል። ኹልዳባድ የብዙ ሷሊሖች ቀብር ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። የሙጋሉ አውራንግዜብ በ1707 ሲሞት ከላይዋ ክፍት በሆነች ተራ መቃብር ተቀብሯል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ጉልላት ያለው የድንጋይ ቤት አለ፤ መሊክ አምበር ያረፈው እዚያ ነው። ሚስቱ ቢቢ ከሪማም በአቅራቢያው ናት። ጎብኚ አይበዛበትም። እኛም ሰላምታ አቅርበን፣ ዱዓ አድርገን፣ ሳይመሽ እንመለሳለን።

ውሃው

እስካሁን ሆን ብለን ያላነሳነው አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ የማረከን ይህ ነው። የኻድኪ አካባቢ ደረቅ ነው። ከተማ ለመቆርቆር በርና ግንብ ብቻ አይበቃም። አምበር ከከተማው በስተሰሜን ካሉት ኮረብታዎች ሥር የተጠራቀመውን የከርሰ ምድር ውሃ ፈለገ። ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ጉድጓዶቹን በመሬት ውስጥ ዋሻ አገናኘ፤ ዋሻውንም ቀስ እያለ ወደ ከተማው እንዲያዘቀዝቅ አደረገ። ውሃው ያለ ምንም ሞተር፣ በራሱ ክብደት እየወረደ፣ በሸክላ ቧንቧና በተገነባ ቦይ ወደየሰፈሩ ማጠራቀሚያ ይደርስ ነበር። በመንገዱ ላይ ለአየርና ለጥገና የሚሆኑ መውረጃዎች ተተውለት። በፋርስና በዐረብ አገሮች ቀናት የሚባለው ጥበብ ዘመድ ነው። ሰዎቹ ነህረ አምበሪ ብለው ጠሩት፤ የአምበር ወንዝ ማለት ነው።

ይህ ውሃ ከተማዋን ለክፍለ ዘመናት አጠጣ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ገዢዎችም ያንኑ ጥበብ ተከትለው ሌሎች ቦዮች ጨመሩ። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያየው የፓንቻኪ የውሃ ወፍጮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ በሸክላ ቧንቧ ከሩቅ በሚመጣ ውሃ እየዞረ ለምስኪኖችና ለእንግዶች እህል ይፈጭ ነበር። በጉብኝቱ ማለዳ ወይም ማታ ላይ እርሱን ሳያዩ መሄድ አይገባም።

ለእኛ ይህ ጉዳይ ቅርባችን ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ የተወሰነው የሚመጣው ከቡራዩ አለፍ ብሎ ካለው የገፈርሳ ግድብ ነው። በሱሉልታ ምንጮች ላይ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ያም ሆኖ በየሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። ቢጫ ጄሪካን ደርድሮ ሌሊት መነሳትን ከእናቶቻችንና ከእህቶቻችን በላይ የሚያውቀው የለም። ውሃ ለከተማ ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገንም። ስለዚህ አምበር ከሁሉ አስቀድሞ ውሃውን ማሰቡን ስናነብ፣ የጦር አዛዥነቱን ያህል ይህም አስገረመን።

ያላማረው ገጽ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ጥሩውን ብቻ መርጦ መጻፍ ይቀናናል። ይህ ለአንባቢው አይጠቅመውም። በ1610 በአምበር ልጅና በሱልጣኑ ሌላ ሚስት መካከል በቤተ መንግሥት ጠብ ተነሳ፤ አምበርም ተሰድቦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሱልጣን ሙርተዛ ሞተ። አምበር እንዳስመረዘው የታሪክ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። የሟቹ ትንሽ ልጅ ነገሠና እንደራሴነቱ ቀጠለ።

ሌላም አለ። በአምበር ሥር የነበሩት ሐበሾች ብዙዎቹ እንደ እርሱው ተሽጠው የመጡ ነበሩ። ተሽጦ የመጣው ሰው ሲሾም የሚሸጡትን ይገዛ ነበር። ያ ዘመን እንዲህ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሞካ ገበያ የቆመ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው እርሱ ነው። በዚያ ገበያ የሕንድ ጨርቅ ይመጣል፣ የሐበሻ ልጅ ይሄዳል። የአምበር ሥልጣን የገበያውን በር አልዘጋውም። ፍርዱ የአላህ ነው፤ እኛ ግን አይተን እንዳላየን አናልፈውም።

ከእርሱ በኋላ

አምበር ሲሞት የሙጋሉ የታሪክ ጸሐፊ ሙዕተመድ ኻን በጦር ጥበብ፣ በአዛዥነትና በአስተዳደር አቻ እንዳልነበረው፣ እስከ መጨረሻው ድረስም ክብሩን ጠብቆ እንደኖረ መሰከረለት። ከጠላት ቤት የወጣ ምስክርነት ስለሆነ ክብደት አለው።

ልጁ ፈትሕ ኻን ግን አባቱን አልሆነም። ከተማዋን በስሙ ፈትሕነገር አላት፤ በ1633 ደውለታባድን ለሙጋሎች አስረከበ። ሱልጣኔቱም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። በ1653 የደካን ገዢ የሆነው ልዑል አውራንግዜብ ከተማዋን በራሱ ስም አውራንጋባድ አላት። በ2023 ደግሞ ስሟ በይፋ ተለውጦ ቻትራፓቲ ሳምባጂናገር ሆነ። ሳምባጂ የሺቫጂ ልጅ፣ ከአምበር ጋር የዘመተው የማሎጂ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ኻድኪ፣ ፈትሕነገር፣ አውራንጋባድ፣ ሳምባጂናገር፤ አንዱም ስም የአምበርን ስም አልያዘም። የእኛም ከተሞች በእኛ አቆጣጠር በ2015 ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ ስም ሲለወጥ ሰው ምን ያህል እንደሚከራከር እናውቃለን። የአምበር ስም የቀረው በውሃው ላይ ነው።

የሐበሾቹ ዘርም በዚያ አገር አልጠፋም። በአህመዳባድ ከተማ በ1573 የተሠራው የሲዲ ሰዒድ መስጂድ፣ በድንጋይ ላይ በተፈለፈለ የዛፍ መስኮቱ የታወቀው፣ የአንድ ሐበሻ ሥራ ነው። ዛሬም በጉጃራትና በካርናታካ ሲዲ የሚባሉ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች በአሥር ሺሕዎች ይኖራሉ።

ለእኛ የቀረው

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ መጀመሪያ የመጣብን ስሜት ኩራት ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን ከአምበር ጋር የተገዙት ሌሎቹ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙስ ብሎ ጠየቀ። ስማቸውን የጻፈ የሆላንድ ነጋዴ የለም። ከተማ አልቆረቆሩም፤ ቀብራቸውን የሚያሳይ የለም። እነርሱም ቻፑን ያህል የእናት ልጆች ነበሩ። አንድ ሰው ተነስቶ ታላቅ ስለሆነ የተደረገው ግፍ ቀላል አይሆንም።

በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው፤ ሩቅ አይደለም፤ የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው። ሕጉ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያ ቃል በግቢያችን ውስጥ በዶርም ቀልድ መሃል፣ በኳስ ሜዳ፣ በጋብቻ ወሬ ላይ ሲወረወር እንሰማለን። ከኋላው ቆመን የምንሰግደውን ወንድማችንን በመልኩ ወይም በዘሩ የምንጠራ ከሆነ፣ የቢላልን (ረዲየላሁ ዐንሁ) ስም በፍቅር ማንሳታችን ምን ዋጋ አለው? ጃሃንጊር የዓለም ንጉሥ ነኝ እያለ የአምበርን ቆዳ ይሰድብ ነበር። ስድቡ የተረፈው ለራሱ ትዝብት ነው።

ሰደቀቱል ጃሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መስጂድና ስለ ቁርኣን ነው። ውሃም ከዚያው ነው። ከመካከላችን የውሃ ምሕንድስና፣ የከተማ ፕላን፣ የጤና ትምህርት የምትማሩ አላችሁ። ነገ የምትሠሩት መስመር የሚያጠጣው ሰው ስማችሁን ላያውቅ ይችላል፤ የከተማውም ስም ሊለወጥ ይችላል። ኒያው ካማረ ግን አጅሩ አይቋረጥም።

አላህ ለመሊክ አምበርም፣ ስማቸው ላልተጻፈውም ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።